የወሎው ረሃብና የተቀበረው ደብዳቤ፦ በ1965 ደሴ ላይ የሚቆም የፖለቲካ ሴራ ልብ ወለድ እንዴት ይገነባ?

ሐይቅ ዳር (ክሩን የከፈተች)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:40

ሰላም ለሁላችሁም። የወሎን ረሃብ መሠረት ያደረገ፣ የመንግሥት ሙስናና ሴራ ላይ የሚሽከረከር ረዥም ልብ ወለድ እያዋቀርኩ ነው። ታሪኩ ከሚያዝያ 1965 ጀምሮ መስከረም 1967 ላይ ያበቃል። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ደሴ በጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት የምትሠራ ታይፒስት ናት። ከአንድ አውራጃ «ሕዝቡ በረሃብ እያለቀ ነው» የሚል ደብዳቤ ይመጣል፤ ደብዳቤው ይጠፋል። ቀጥሎ የእርዳታ እህል ይመጣል፤ እሱም ይጠፋል።

የሚያስፈልገኝ የአሠራሩ ዝርዝር ነው። ደብዳቤ በዚያ ዘመን በስንት እጅ ያልፋል? የት ላይ ሊቀበር ይችላል? እህሉ እንዴት ነው የሚሰረቀው? በእውነት የነበሩ ባለሥልጣናትንስ በስም ላስገባ ወይስ አላስገባ? የማያምን አንባቢ ቁጭ ብሎ ቢያሰላው የማይፈርስ ታሪክ ነው የምፈልገው።

መዝገብ ቤት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

እህቴ፣ ከመንገዱ ልጀምር፤ ሴራሽ የሚኖረው እዚያ ነው።

ወሎ በዚያ ጊዜ 12 አውራጃዎች ነበሩት፦ ደሴ ዙሪያ፣ አምባሰል፣ የጁ፣ ራያና ቆቦ፣ ዋግ፣ ላስታ፣ ዋድላ ደላንታ፣ ወረ ሂመኖ፣ ወረኢሉ፣ ቦረና፣ ቃሉ እና አውሳ። ወሬው ከታች ሲነሣ ከጭቃ ሹሙ ወደ ምክትል ወረዳ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ ገዥ፣ ከወረዳው ወደ አውራጃ ገዥ፣ ከአውራጃው ደሴ ወደ ጠቅላይ ግዛቱ፣ ከደሴ አዲስ አበባ ወደ አገር ግዛት ሚኒስቴር፣ ከሚኒስቴሩም ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤትና ወደ ቤተ መንግሥት ይወጣል። ስድስት ሰባት ደረጃ ነው። በእያንዳንዱ ደረጃ ደብዳቤው እንደ አዲስ ይጻፋል። ይህን አጥብቀሽ ያዢው፤ የታችኛው ደብዳቤ ራሱ ላይ አይደርስም፣ የሚደርሰው የደብዳቤው ደብዳቤ ነው። ወረዳው «በረሃብ የሞቱ ሰዎች አሉ» ብሎ ይጽፋል። አውራጃው «ከፍተኛ የምግብ እጥረት ታይቷል» ይላል። ጠቅላይ ግዛቱ ደግሞ «በዝናብ መዛባት ምክንያት በአንዳንድ ወረዳዎች የምርት መቀነስ ስለ መኖሩ» ብሎ ያሳልፈዋል። ማንም አልዋሸም፤ ሁሉም አንድ አንድ ቃል ብቻ አለሰለሰ።

አሁን ወደ መዝገብ ቤቱ። ደብዳቤ ሲገባ የገቢ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፦ ተራ ቁጥር፣ የገባበት ቀን፣ የደብዳቤው ቁጥርና ቀን፣ ከማን እንደ መጣ፣ ጉዳዩ፣ ለማን እንደ ተመራ፣ የተረካቢው ፊርማ። ከዚያ ኃላፊው ጋ ይቀርባል፤ እሱም ኅዳጉ ላይ ይመራዋል። የመሪው ቃል ነው ሁሉን የሚወስነው። «ለውሳኔ ይቅረብ» ካለ ደብዳቤው በሕይወት አለ። «ተጣርቶ ይቅረብ» ካለ ወደ ታች ተመልሶ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል። «ከፋይሉ ጋር ይያያዝ» ካለ ሞተ ማለት ነው፤ ያውም በሕጋዊ መንገድ። ያልጠፋ፣ ያልተቀደደ፣ ያልተቃጠለ ደብዳቤ ነው፤ ግን ማንም ዳግመኛ አያየውም።

ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ሌሊት ላይ ደብዳቤ የሚያቃጥል ባለሥልጣን ማሳየት ይወዳሉ። ተዪው። ደብዳቤ ማቃጠል የአዲስ ሰው ሥራ ነው፤ ቁጥሩ ከገቢ መዝገቡ ላይ ይጎድልና ሁሉም ይጠይቃል። የለመደ ሰው «ይያያዝ» ይላል።

የጁ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:20

በመዝገብ ቤት ላይ ትንሽ ልጨምር፣ በተለይ ቃል ላይ። የዘመኑን ልብ ወለድ የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ትልቁ ታሪክ ሳይሆን ትንሿ ቃል ናት።

በ1965 «ክፍለ ሀገር» የለም፤ ጠቅላይ ግዛት ነው። «ቀበሌ» የለም፣ «የገበሬ ማኅበር» የለም፤ ሁለቱም ከደርግ በኋላ የመጡ ናቸው። «አስተዳዳሪ» ከማለት ይልቅ «ገዥ» በይ። ፖሊስ አለ፣ ፈጥኖ ደራሽ አለ፣ ገጠሩ ላይ ደግሞ ነጭ ለባሽ አለ። እህል የሚጫነው በጆንያ ነው፤ «አንድ ማዳበሪያ ስንዴ» የሚለው አነጋገር የኋላ ዘመን ነው።

ግብሩም ላይ ተጠንቀቂ። ጉልት በ1958 በአዋጅ ቀርቷል፣ አሥራት ደግሞ በ1960 በእርሻ ገቢ ግብር ተተክቷል። ስለዚህ በ1965 «አሥራት ክፈል» የሚል መልከኛ ካስገባሽ የሚያውቅ አንባቢ መጽሐፉን ይዘጋዋል። የመሬት ግብሩና የመሬት ኪራዩ ግን ነበሩ፤ ያረሰ ሰው እንደ ውሉ እርቦ (ሩብ)፣ ሲሶ ወይም እኩል (ግማሽ) ለባለ መሬቱ ይሰጣል። በእኩል የሚያርስ ሰው ምርቱ ከግማሽ በታች ሲወርድ ምን እንደሚቀረው አስቢው። 10 ኩንታል ያገኝ የነበረ ሰው 5 ለቤቱ ያስቀር ነበር። 4 ካገኘ 2 ኩንታል ይቀረዋል፤ ከእርሷም ዘር ይነሣል።

ዝናቡን በተመለከተ ወሎ ሁለት ወቅት አለው። የ1964 ክረምት ተበላሸ፣ ቀጥሎ የ1965 በልግ ቀረ። በልግ አብቃይ የሆነው ደጋ በዚያች ዝናብ ላይ ነው የሚኖረው፤ ሚያዝያ ላይ ታሪክሽን መጀመርሽ ስለዚህ ልክ ነው። ሚያዝያ ላይ ተስፋው ሁሉ አልቋል።

ሐይቅ ዳር
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:10

እግዜር ይስጥልኝ። «ይያያዝ» የምትለዋ ቃል የመጀመሪያውን ምዕራፍ ቀየረችው። ግን ጥያቄ አለኝ፦ ደብዳቤው በአንድ መስመር ብቻ የሚሄድ ከሆነ አንድ ሰው ሊያፍነው ይችላል። በሌላ መስመር የሚደርስ ወሬ አልነበረም?

መዝገብ ቤት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:30

ነበረ እንጂ። ቢያንስ አራት ቧንቧ አለ። አንዱ የገዥዎቹ መስመር ነው፣ ከላይ የተናገርኩት። ሁለተኛው የፖሊስ ነው፤ ፖሊስ በራሱ ዕዝ ይዘግባል፣ ብዙ ጊዜም ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው፤ መንገድ ላይ የወደቀ ሬሳ የሚያነሣው ፖሊስ ነውና። ሦስተኛው የእርሻ ሚኒስቴር የሰብል ግምት ነው። አራተኛው የጤና ጥበቃ ነው፤ ክሊኒክ ያለበት ከተማ ሁሉ የሞተና የታመመ ይቆጥራል። ሴራ አድራጊዎችሽ አራቱንም መያዝ አለባቸው። ሦስቱን ይዘው አራተኛው ሲያፈተልክባቸው ታሪክሽ እዚያ ላይ ይነሣል።

ስለ ግልባጭ ደግሞ፦ ታይፒስቷ ዋናውን ወረቀት ከሁለት ሦስት ካርቦን ጋር ታስገባለች። አንዱ ለተቀባዩ፣ አንዱ ለጉዳዩ ፋይል፣ አንዱ በቀን ተራ ለሚታሰረው ጥራዝ። አራተኛው ግልባጭ ይነበባል ግን ደብዝዞ ነው፤ አምስተኛው ላይ ፊደሉ ይዋዋጣል። ኃላፊው የጉዳዩን ፋይል ቢያጸዳ እንኳ በቀን ተራ የታሰረውን ጥራዝ ይረሳዋል፤ ፈልጎ ማግኘት የምትችለው የየቀኑን ሥራ የምታውቅ ታይፒስት ብቻ ናት። አንድ ጊዜ ብቻ የተመታበት ካርቦን ወረቀት ደግሞ ብርሃን ላይ ሲያዝ ይነበባል፤ ደጋግሞ የተመታበት ግን ድርብርብ ስለሚሆን አይለይም። ታይፒስትሽ ለምስጢር ደብዳቤ ሁልጊዜ አዲስ ካርቦን እንድትጠቀም ታዝዛ ከሆነ፣ ይህ ትእዛዝ ራሱ ማስረጃ ይሆናታል።

የአማርኛው ታይፕ ሌላም ነገር አለው። የፊደሉ ግንድና የእግር ወይም የእጅ ቅጥያው ለየብቻ ነው የሚመቱት። ስለዚህ በአንዱ መኪና ላይ የ«ሁ» ቅጥያ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ በሌላው ወደ ቀኝ ይሸሻል። ሁለት ደብዳቤ ከአንድ መኪና መውጣቱን አጉሊ መነጽር የያዘ ሁሉ ያውቃል። ከአውራጃ መጣ የተባለ «ረሃብ የለም» የሚል ደብዳቤ በደሴው መኪና የተመታ ሆኖ ቢገኝ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ሰኞ ገበያ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:00

የእህሉን ጉዳይ ለእኔ ተዉልኝ።

ስሌቱን ከአንድ መኪና ጀምሪ። እንበልና አንድ ፊያት ከነተሳቢው 200 ጆንያ ጫነ፣ ጆንያው 100 ኪሎ፣ ጠቅላላ 20,000 ኪሎ። ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ብትሰጪ 40,000 የቀን ቀለብ ነው፤ 4,000 ሰው ለ10 ቀን ይይዛል። በአንባቢሽ አእምሮ ይህ ቁጥር አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ የሚጎድል ኪሎ ሁሉ ሰው ይሆናል።

ስርቆቱ በአራት መንገድ ይሄዳል።

ትንሹ ከጆንያ መቅዳት ነው። ሹል ጫፍ ያለው ቧንቧ ጆንያው ጎን ላይ ይወጋል፣ እህሉ በቧንቧው ይፈሳል፣ ቀዳዳው በጣት ሲታሽ ቃጫው ይገጥማል። ከእያንዳንዱ 4 ኪሎ ቢወሰድ ከአንድ መኪና 800 ኪሎ ነው፣ 8 ኩንታል፤ 1,600 የቀን ቀለብ። ሰው የማያየው ለምንድን ነው? ርክክቡ በቁጥር እንጂ በሚዛን ስላልሆነ። ግምጃ ቤቱ ገቢ ሲቆርጥ (እስከ ዛሬ ሞዴል 19 የምንለው) «200 ጆንያ» ብሎ ይጽፋል፤ ባስኩላ ላይ አያወጣውም። ወጪውም (ሞዴል 22) በጆንያ ነው። ወረቀቱ ንጹሕ ነው።

ሁለተኛው የጎደለውን በውሃ ወይም በአሸዋ መሙላት ነው። ሚዛን ይመጣል ሲባል ነው የሚደረገው። ግን ውሃ ያጋልጣል፤ ስንዴ እርጥበቱ ከ13 በመቶ በላይ ሲያልፍ ይሞቃል፣ ይሻግታል። እጅሽን ወደ ጆንያው መሐል ብትከቺ ትኩሳት ይሰማሻል፣ ሽታው የረጠበ ምድር ቤት ይሸታል። ከሥር የተደረደረው ቀድሞ ይበላሻል፤ ስለዚህ ሌባ የረጠበውን ከላይ ይደረድራል፣ ቶሎ እንዲታደል። ታይፒስትሽ ይህን ባታውቅም የመጋዘኑ ኩሊ ያውቃል። ምስክርሽ ኩሊው ነው።

ሦስተኛው በመንገድ መሸጥ ነው። ከወደቡ የሚመጣው እህል ከአሰብ በሚሌ፣ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይገባል። ባቲ ላይ ሰኞ ገበያ ነው፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው፣ ግመል፣ እህል፣ ጨው ይተራመሳል። 10 ጆንያ ባቲ ላይ ቢወርድ ማን ያየዋል? ሾፌሩ «መንገድ ላይ ተቀዶ ፈሰሰ» የሚል ወረቀት ያስፈርማል። ስሕተቱ የሚፈጠረው ግን እዚህ ላይ ነው፦ የእርዳታ ጆንያ ላይ የላኪው አገር ምልክት ታትሟል። ያንን ለማጥፋት እህሉን ወደ ተራ ጆንያ መገልበጥ አለባቸው፤ ለዚያ ባዶ ጆንያ፣ መርፌ፣ ሲባጎ፣ ሁለት ሰዓት ጊዜና የተዘጋ ግቢ ያስፈልጋል። የተረፈው ባለ ምልክት ጆንያስ የት ይሄዳል? አይጣልም፣ ገንዘብ ነው። ፍራሽ ይሆናል፣ ኮርቻ ሥር ይገባል፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ የበርበሬ መያዣ ሆኖ ይወጣል።

አራተኛውና ትልቁ የተረጂ መዝገብ ነው። መጠለያው 3,000 ሰው ይዞ፣ የሞቱት ስም ሳይሰረዝና የፈጠራ ስም ተጨምሮ 3,400 ተብሎ ቢጻፍ፣ 400 ሰው በወር 15 ኪሎ ሲባዛ 6,000 ኪሎ ነው። 60 ኩንታል በየወሩ፣ አንድ ጆንያ ሳይነካ። የጣት አሻራው ደግሞ ይናገራል፤ ሰነፍ ጸሐፊ በአንድ አውራ ጣት ሙሉ ገጽ ይሞላል። ጎበዙ አሥሩንም ጣቱን ይጠቀማል፣ ግን በአሥር ስም ልዩነት ጣቱ ተመልሶ ይመጣል።

ቦርከና
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:45

ሰኞ ገበያ ያልከው ሁሉ አሠራሩ ትክክል ነው፤ ጊዜው ግን ልክ አይደለም፤ ልክ ካልሆነ ደግሞ ልብ ወለዱ ይፈርሳል።

በሚያዝያ 1965 የሚሰረቅ የእርዳታ እህል ራሱ አልነበረም። መንግሥት ረሃብ አለ ብሎ አላመነማ። ረሃብ ከሌለ እርዳታ አይጠየቅም፤ እርዳታ ካልተጠየቀ በብዛት አይመጣም። ጎርፉ የመጣው ጥቅምት 8 ቀን 1966 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣውን ፊልም ካሳየ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ወንጀል ዝምታ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ዝርፊያ። ሁለት ክፍል ያለው መጽሐፍ አድርጊው።

ዝምታው ለምን አስፈለገ? አስቢው፤ ግንቦት 1965 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት 10ኛ ዓመቱን አዲስ አበባ ላይ ያከብራል፣ መሪዎች ሁሉ ይመጣሉ። ሰኔ ላይ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ ነው፤ ፓርቲ የሌለበት፣ እያንዳንዱ ዕጩ በራሱ ስም የሚወዳደርበት። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ይዘጋል። ጥር 1965 ላይ ደግሞ አልጋ ወራሹ በጠና ታመው ለሕክምና ወደ ውጭ ተወስደዋል፤ የዙፋኑ ጉዳይ ያኔ በሹክሹክታ የሚወራ ነው። እያንዳንዱ ባለሥልጣን «አሁን ጊዜው አይደለም» ለማለት በቂ ምክንያት አለው። ከሺህ በላይ የሚሆኑ ገበሬዎች ራሳቸው ሊናገሩ በእግራቸው ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ከከተማው መግቢያ በፖሊስ መመለሳቸው የዚያው ዓመት ጉዳይ ነው።

ሌላም ነገር፣ ይህን ግን ጸሐፊዎች ሁሉ ይስቱታል። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ የሰማይ ጣሪያ አልነካም። አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ያሳየው ይህንን ነው፤ ዋጋው ከተለመደው ብዙም አልራቀም፣ ከወሎም እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። ገበሬው የሚገዛበት አልነበረውም፤ ከብቱን በርካሽ ሸጦ ጨርሷል። ስለዚህ «እህል ጠፍቶ ዋጋ አሥር እጥፍ ሆነ» ብለሽ እንዳትጽፊ። ወደ ደቡብና ወደ ሰሜን እህል የጫነ መኪና በዚያው አስፋልት የወደቀ ሰው አጠገብ ሲያልፍ አሳዪ። ምንም ሴራ ሳይጨመርበት ይከብዳል።

አውሳም እንዳይረሳ። የአፋሩ ከብት በድርቅ ዘመን የሚጠጋበት የአዋሽ ዳር ለጥጥ እርሻ ተይዞ ነበር፣ ተንዳሆን የመሰለ። እርሻው ሕጋዊ ነው፣ ፊርማው ሙሉ ነው።

ሰኞ ገበያ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:15

ቦርከና ልክ ነህ፣ ተቀብያለሁ። እንግዲያው ስርቆቱን ከኅዳር 1966 በኋላ አድርጊው። በዚያ ወር ንጉሠ ነገሥቱ ወሎን ጎብኝተዋል፤ ለጉብኝት መንገድ ሲጸዳ ተረጂ ከአስፋልቱ ዳር ይነሣል። የት እንደ ተወሰደ የሚያውቅ የመኪና ረዳት አንድ ትዕይንት ይበቃዋል።

የመንገዱን ቅደም ተከተል እንዳትስቺ፦ ደሴ፣ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ ውርጌሳ፣ መርሳ፣ ሲሪንቃ፣ ወልዲያ፣ ጎብዬ፣ ሮቢት፣ ቆቦ፣ ዋጃ፣ አላማጣ፣ ከዚያ ግራ ካሕሱ የሚባለውን አቀበት ወጥቶ ኮረም። ኮረምና አላማጣ በዚያ ዘመን ወሎ ውስጥ ናቸው። ሕዝቡ የወደቀው በዚህ መስመር ዳርና ዳር ነው፣ መንገድ ላይ ከደረስን መኪና የሚያልፍ ሰው ያየናል ብሎ። ከወልዲያ ወደ ምዕራብ ላስታና ዋግ የነበረው ግን አልታየም፤ ፎቶ የተነሣው አስፋልት ዳር ያለው ነውና።

ወረኢሉ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:50

ዘግይቼ ገባሁ። ሐይቅ ዳር፣ ታሪክሽን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ የሚስብ አንድ እውነት ልስጥሽ።

በ1958 ወረኢሉ ላይ ረሃብ ነበር። ሪፖርቱ ኅዳር 1958 ላይ አገር ግዛት ሚኒስቴር ደረሰ። ፖሊሶቹ ካወቁት አንድ ወር ሆኖት ነበር። ከሚኒስቴሩ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ለመድረስ 302 ቀን ፈጀበት። ሦስት መቶ ሁለት ቀን፣ በአንዲት ከተማ ውስጥ። ንጉሡ ሚኒስቴሩን ሲያዝዙ፣ ሚኒስቴሩ ምን አደረገ? ወደ ወሎ ባለሥልጣናት ጻፈ፦ በረሃብ የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ይላክልን። ይህን ከትቦ ያቆየልን የፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ጥናት ነው።

እስኪ ያንን ደብዳቤ የተቀበለውን የወረዳ ጸሐፊ አስቢው። የእያንዳንዱን ሟች ስም ከነአባቱ ሊጽፍ ነው። ማን ይነግረዋል? ቤቱ ባዶ ነው።

ታይፒስትሽ በ1965 አዲሱን ደብዳቤ ልታያይዝ ፋይሉን ስትከፍት፣ ሥሩ ላይ የ1958ቱን ደብዳቤ ታግኘው። ቃሉ ያው፣ ኅዳጉ ላይ ያለው ምሪትም ያው። ይህን ሁሉ የጠነሰሰ አንድ ክፉ ሰው እንደሌለ የምትረዳው ያኔ ነው። ሴራው ከሰዎቹ የቆየ ነው።

ሐይቅ ዳር
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1:30

ወረኢሉ፣ ይህን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አልመጣም። ሁለቱን ነገር አገናኘሁት፦ በ1958 ሚኒስቴሩ የሟቾችን ስም ዝርዝር ይጠይቃል፣ ማንም ሊሰጠው አይችልም። በ1966 ደግሞ ሰኞ ገበያ እንዳለው መጠለያው መዝገብ ላይ የሞቱት ሰዎች ስም አልተሰረዘም፣ ቀለብ ይወጣላቸዋል። ዝርዝሩ በመጨረሻ ተገኘ ማለት ነው፣ ግን የሌባው መዝገብ ሆኖ።

ጥያቄዬ፦ የሞቱ መሆናቸውን ታይፒስቷ በምን ታረጋግጣለች? ካረጋገጠች በኋላስ ማስረጃውን እንዴት ከጽሕፈት ቤቱ ታወጣዋለች?

የጁ ልጅ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 6:20

የመጀመሪያውን ልመልስ። ቀባሪ ጋ ትሂድ። መጠለያ ውስጥ ሰው የሚያልቀው በረሃቡ ብቻ አይደለም፤ የተጨናነቀ ሰው ላይ ኩፍኝ፣ ተቅማጥ፣ በቅማል የሚተላለፈው ተስቦና ግርሻ ይገባል። በጣም የተጎዳ ሕፃን ጥሬ ስንዴ ቢሰጡት አይድንም፣ ወተት ነው የሚያስፈልገው፤ እናቱ ግን የተሰጣት ስንዴ ነው፣ መፍጫም የላት። ስለዚህ ሞቱ በየቀኑ ነው፣ ሬሳውም በየቀኑ ይቀበራል።

ማን ይቀብራል? በወሎ ሼኩና ቄሱ ጎን ለጎን ነው የሚቆሙት። ሼኩ ያጠበውን ያውቃል፣ ቄሱ የፈታውን ያውቃል። ከፈን የሰጠ ነጋዴ ስንት ክንድ አቡጀዲ እንደ ቀደደ ያውቃል። ሦስቱ የማይገናኙ ቆጠራዎች ናቸው፣ ሦስቱም ከመንግሥት መዝገብ ውጭ። ታይፒስትሽ ሦስቱን ደምራ ከቀለብ መዝገቡ ጋር ታስተያየው። ስሞቹም ለሥራ ይመቻሉ፤ በወሎ አንድ ቤት ውስጥ ሰይድና ተስፋዬ ወንድማማች ሆነው ይገኛሉ፣ ከደሴ ያልሆነ የመዝገብ ጸሐፊ ግን የፈጠራ ስም ሲጽፍ ቤተሰቡን ሁሉ በአንድ ሃይማኖት ይደረድራል። ወሎዬ ሰው ገጹን እንዳየ ፈጠራ መሆኑን ያውቀዋል።

ንግግራቸውንም ከወሎ አታውጪው። ገበሬው ታላቁን ሰው «አንቱ» ይላል፤ «እርስዎ» የጽሕፈት ቤቱ ቋንቋ ነው። አዛውንት ልጅቷን ሲያጽናኑ «አብሽሪ» ይበሏት። የተራበ ሰው ረዥም ንግግር አይናገርም፤ ዱዓ ያደርጋል፣ ዝም ይላል። ስለ ፍትሕ የሚሰብክ የተራበ ገበሬ እንዳትጽፊብን አደራ።

መዝገብ ቤት
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:00

ሁለተኛውን እኔ ልመልስ። ፎቶ ኮፒ መኪና ደሴ ላይ እንደ ልብ አይገኝም፤ ማስረጃ በኪስ ካሜራ አንሥታ ታወጣለች የሚለውም የፊልም ነገር ነው። በእጇ ያለው መሣሪያ ስቴንስል ነው። ሰም የተቀባ ወረቀት ነው፤ ሪባኑን አውጥተሽ በባዶ ብረት ትመቺበታለሽ፣ ፊደሉ ሰሙን ይበሳዋል፣ ከዚያ ማባዣው ላይ ቀለም በቀዳዳው ያልፋል። ከአንድ ስቴንስል በመቶ የሚቆጠር ቅጂ ይወጣል። የተማሪው በራሪ ወረቀት ሁሉ የሚሠራው በዚህ ነው፤ የደሴው የወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ስቴንስል የምትሰጣቸው ሰው ቢያገኙ ምን እንደሚሆን ገምቺ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ ስቴንስል በቁጥር ወጪ ሆኖ ነው የሚሰጣት። አንድ ቢጎድል ትጠየቃለች። ስለዚህ «ተበላሸ» ብላ የተጨማደደ መመለስ አለባት፤ የተጨማደደውም የተመታበት እንዳይሆን። ሁለተኛ፣ ቅድም ያልኩት የታይፕ መኪናው ጠባይ በራሪ ወረቀቱ ላይም ይወጣል። ዝቅ ያለችው «ሁ» ትከሳታለች። ወንጀለኛውን ያጋለጠችበት ዘዴ ራሷን ያጋልጣታል። ከሦስተኛው ክፍል በፊት ይህን እንድታውቀው አታድርጊ፣ አንባቢው ግን ቀድሞ ይወቀው።

አይጠየፍ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3:40

ስለ እውነተኛ ሰዎች እስካሁን የመለሰ የለም።

አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን በማዕረግ የወሎ ገዥ ነበሩ፤ የዕለት ሥራውን የሚሠራው እንደራሴ ነው። ምክሬ ይህ ነው፦ ንጉሠ ነገሥቱ፣ አልጋ ወራሹ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ በስማቸው ይኑሩ፣ ግን ከርቀት፤ በፎቶ፣ በራዲዮ፣ በደብዳቤ አናት ላይ። በአደባባይ ያላደረጉትን አታስደርጊያቸው። ደሴ ላይ የሚሠሩትን ሁሉ፣ እንደራሴውን ጭምር፣ ስም አትስጪ፤ በማዕረግ ጥሪያቸው። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በሕይወት ያሉ ሰዎች ናቸው፣ በልብ ወለድ ሌባ የተባለ ሰው ደግሞ መልስ መስጫ ችሎት የለውም።

ቁጥሩንም ጠብቂ። 200,000 ሰው ሞተ የሚለው በሰፊው የተነገረ ነው፤ ቆይተው የመረመሩ ሰዎች ከ40,000 እስከ 80,000 አድርገውታል። የትኛውንም ብትይዢ በ1965 ገጸ ባሕርይ አፍ ውስጥ አታስገቢው፤ ያኔ ማንም ድምሩን አያውቅም። እሷ የምታውቀው የአንድ መጠለያ ቆጠራ ብቻ ነው፣ ያ ይበቃታል።

መጨረሻውን በተመለከተ፦ የአክሊሉ ካቢኔ በየካቲት 1966 ወደቀ፣ በዚያው ዓመት መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፣ የወሎው ረሃብ መደበቅም ከመረመራቸው ጉዳዮች አንዱ ነበር። ፕሮፌሰር መስፍንም ነበሩበት። መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት ደርግ ያንኑ የእንግሊዙን ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር ቀጥሎ በቴሌቪዥን አሳየው። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ደግሞ ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ተገደሉ። ታሪክሽ መስከረም ላይ ቢያበቃም አንባቢው ኅዳርን ያውቃል፤ ስለዚህ ታይፒስቷ ለኮሚሽኑ የሰጠችው ወረቀት የት እንደሚደርስ ስታስቢ ይህን አትርሺ። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል የኖረበት አገር ንጉሡን አወረደ፣ ክሱ ግን ችሎት ሳያይ ቀረ።

ሐይቅ ዳር
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:25

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አወቃቀሩን እንዲህ አደረግሁት። ክፍል አንድ ሚያዝያ 1965፣ «ይያያዝ»፦ አዲሱ ደብዳቤና የ1958ቱ ፋይል። ክፍል ሁለት ከጥቅምት 1966 በኋላ፣ ቀለብ፦ ቧንቧው፣ ባቲ፣ የሟቾች መዝገብ፣ የሼኩና የቄሱ ቆጠራ። ክፍል ሦስት ከየካቲት እስከ መስከረም፦ ስቴንስሉ፣ ኮሚሽኑ፣ ዝቅ ያለችው «ሁ»።

የቀረኝ የመጨረሻው ገጽ ነው። ኮሚሽኑ ወረቀቱን ሲቀበላት ላብቃ ወይስ ቴሌቪዥኑ ሲበራ?

ቦርከና
ዓርብ፣ ከምሽቱ 3:50

ቴሌቪዥኑን ተዪው፣ ሁሉም ያውቀዋል። ኮሚሽኑ ጋም አታብቂ።

መስከረም 3 ቀን 1967 ጠዋት ሥራ ትግባ። የንጉሡ ፎቶ ከግድግዳው ወርዷል፣ የነበረበት ቦታ ከቀረው ቀለም ነጥቶ ይታያል። ማኅተሙ ገና አልተቀየረም፣ ሞዓ አንበሳው እንዳለ ነው። ከላስታ የመጣ ደብዳቤ ጠረጴዛዋ ላይ አለ፤ አዲሱ ኃላፊ ገና ስላልተመደበ ማንም አልመራውም። የገቢ መዝገቡን ትክፈት፣ ተራ ቁጥሩን ትጻፍ፣ ቀኑን ትጻፍ፣ «ጉዳዩ» የሚለው ዓምድ ላይ ስትደርስ ወረዳው የጻፈውን ቃል ሳታለሰልስ ትገልብጠው። «ለማን ተመራ» የሚለው ዓምድ ባዶ ይቅር።

መዝገብ ቤት
ዓርብ፣ ከምሽቱ 4:10

እኔም ከቦርከና ጋር ነኝ። አንዲት እርማት ብቻ፦ አዲስ ዓመት ስለሆነ ተራ ቁጥሩ ከ1 ነው የሚጀምረው ብለሽ እንዳትጽፊ። መዝገቡ በበጀት ዓመት የሚሄድ ከሆነ ከሐምሌ ጀምሮ የተቆጠረ ነው፤ ሁለት ወር ያለፈው መዝገብ ላይ አራት መቶ ምናምንኛው ደብዳቤ ይሁን።